ልጄ 3ኛ ወጥታ ማጠናከሪያ ትምህርት ለምን ትገባለች?

ጥያቄው፦ «ልጄ ፒያሳ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ትማራለች። ከ54 ተማሪ 3ኛ ነው የምትወጣው። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት ክፍሉን ዘግቶ ልጆቹን በየክፍሉ አከፋፈላቸው። የእኔ ልጅ ክፍል ሁለት ገቡ፤ አንዱ መስማት ይቸግረዋል፣ አንዷ ደግሞ እስካሁን ማንበብ አልቻለችም። በዚያ ላይ ሰሞኑን ስብሰባ ጠርተውን ከእንግዲህ የማጠናከሪያ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ነው፣ የሚቀር የለም አሉን። ማጠናከሪያ የደከመ ልጅ አይደል እንዴ? ለምን የደከሙት ተለይተው ብቻቸውን አይሰጣቸውም? ልጄን ወደ ኋላ እንዳይጎትቷት ፈራሁ። ወደ ግል ላዛውራት ወይስ ልታገስ?»

አያዛውሯት። መልሱ ረዘም ስለሚል ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው። ፍርሃትዎ ይገባኛል፣ ከፊሉም እውነት አለው። ግን የልጅዎን ደረጃ፣ የልጆቹን መቀላቀልና ማጠናከሪያውን አንድ ላይ አደባልቀው ነው የጠየቁት፤ ሲለያዩ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከደረጃው ልጀምር። 3ኛ መውጣት ልጅዎ ከሌሎቹ 53 ልጆች አንጻር የት እንዳለች ይናገራል እንጂ ምን እንደምታውቅ አይናገርም። ክፍሉ በሙሉ ቢወርድ እሷ ያው 3ኛ ናት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2። እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከ54 ልጅ ሦስቱ ማለት ከመቶ አምስት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በየክፍሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ብቻ ተሰብስበው ቢቆጠሩ ካለፉት ይበዛሉ። ሒሳቡ ሻካራ ነው፣ አውቃለሁ፣ ካለፉት ውስጥ ከአዳሪና ከግል ትምህርት ቤት የመጡት ብዙ ናቸውና። ይህ ግን የእርስዎን ነገር ይበልጥ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ካርዳቸው ላይ «በርቺ» «በርታ» ሲጻፍላቸው የኖሩ ልጆች ናቸው የወደቁት። ክፍተቱም 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ድንገት አልተፈጠረም። የዓለም ባንክ በሚያወጣው መለኪያ ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡት ተቆጥረው ማለት ነው፣ አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። አዲስ አበባ ከአገሪቱ አማካይ ትሻላለች፤ ቢሆንም 10 ዓመት ማለት የልጅዎ ዕድሜ ነው።

ስለዚህ ካርዱን ለጊዜው ይተዉትና ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ይሞክሩ። መጀመሪያ አይታው የማታውቀውን አንድ ገጽ ጽሑፍ ይስጧት። የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ እንዳይሰጧት፣ እሱን ብዙ ልጆች በቃላቸው ነው የሚያነቡት፤ ዓይናቸው ገጹ ላይ ነው፣ አፋቸው ግን ትናንት መምህሯ ያስባለቻቸውን ይደግማል። ጋዜጣም ይሁን የተረት መጽሐፍ፣ ብቻ አዲስ ይሁን። ጮክ ብላ ታንብብ፣ ከዚያ ገጹን ከድነው «እና ምን ይላል?» ይበሏት። ሳትደናቀፍ አንብባ ሐሳቡን መናገር ካቃታት ፊደሉን አውቃዋለች፣ ጽሑፉን ግን አልተረዳችውም። ይህን ካርዱ አያሳይዎትም።

ቀጥለው 302 ሲቀነስ 147ን ላይና ታች አድርገው ጽፈው ይስጧት። መልሱ 155 ነው። 245 ብላ ከመጣች አይቆጧት፣ ቁጭ ብለው ያስተውሉት። ከ2 ላይ 7 አልነሳ ሲላት ገልብጣ ከ7 ላይ 2 ቀነሰች፣ 5 ጻፈች። ከ0 ላይ 4 አልነሳ ሲላት 4ቱን እንዳለ አወረደችው። ከ3 ላይ 1 ስትቀንስ 2። ይህ ስንፍናም ግድየለሽነትም አይደለም። ከአሥር ቤትና ከመቶ ቤት መበደር ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ስለዚህ የራሷን ሕግ አውጥታ እሱኑ በታማኝነት እየተከተለች ነው። ደብተሯ ላይ ኤክስ ሲደረግባት መልሱ እንደተሳሳተ ታውቃለች፣ ሕጉ እንደተሳሳተ ግን ማንም አልነገራትም። ይህን ስሕተት ጎበዝ በሚባሉ ልጆች ደብተር ላይ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ቀለል ያለው ፈተና ላይ የማይበደርበት ቁጥር ስለሚበዛ 85 ያመጣሉ፣ ችግሩም ተሸፍኖ ይሄዳል።

ልጅዎ ሁለቱንም ከሠራች እሰየው። ከሠራችም ግን ማጠናከሪያው አይመለከታትም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ማንበብ ወዳልቻለችው ልጅ። «ጭንቅላቷ አይቀበልም» የሚለውን አባባል በየስብሰባው እሰማዋለሁ፣ እርስዎ ባይሉትም ሌላው ወላጅ ብሎታል ብዬ እገምታለሁ። ልጅ ሳያነብ 4ኛ ክፍል የሚደርስበት ምክንያት ብዙ ነው። ለረጅም ዓመታት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ነጻ የክፍል ዝውውር ነበር፣ ልጅ አይወድቅም። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፣ ልጅን ክፍል ማስደገም ብቻውን አያስተምረውም። ነገር ግን ልጁን በየጊዜው እየመዘኑ የጎደለውን እየሞሉ ነበር ማሳለፍ የነበረበት። መሙላቱ ቀረና ማሳለፉ ብቻ ተረፈ። መሃል ከተማው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት፤ በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲነሱ ስንቱ ልጅ ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርት ቤት ቀየረ። ሁለትና ሦስት ወር ያመለጠው ልጅ፣ ያመለጠው ንባብ ወይም ክፍልፋይ ከሆነ፣ ቀዳዳው ለዓመታት ይከተለዋል።

ፊደሉም አለ። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ይሆናል፣ እነ ኳንና ሏን ሳንቆጥር። ልጅ ይህን በዜማ ሸምድዶ ገበታው ላይ እየጠቆመ ከሀ እስከ ፐ ሊወርደው ይችላል። መሃል ላይ ያለችውን «ሙ» ብቻ ነጥለው ሲያሳዩት ግን ከ«መ» ተነስቶ ካልቆጠረ አያገኛትም። የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሀሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ የሚገባው ለዚህ ነው፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ፣ ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆበት፣ በዜማው እንዳያመልጥ። የኔታ ፊት ከተቀመጡት ልጆች አንዱ ገና ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም እዚያው አንድ ዛፍ ሥር ነው፣ ሁሉም በየደረጃው፣ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውን ያስጠናል። እርስዎን ያስፈራዎት መቀላቀል ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም ለማለት ነው። (አለንጋውን ግን እያወደስኩ አይደለም።)

ደግሞ ቀላሉን እንዳንረሳ፣ ዓይንና ጆሮ። ከኋላ ወንበር ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከጎረቤቱ ደብተር እየገለበጠ ዓመቱን ይጨርሳል። መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ለሁለት ዓመት ማስደገም የትም ቦታ ያለ ስሕተት ነው። ማንኛውም ልጅ ዘገምተኛ ነው ከመባሉ በፊት ዓይኑና ጆሮው ይታይ።

ወደ መቀላቀሉ እንምጣ። ይህ የርዕሰ መምህሩ የግል ፈጠራ እንዳይመስልዎት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኛ ልጆችም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውም እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው ይማራሉ ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ስፔን፣ ሳላማንካ ላይ የተሰበሰቡ አገራት መደበኛው ትምህርት ቤት ሁሉንም ልጅ ተቀብሎ ያስተምር ብለው መግለጫ አወጡ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፣ አንቀጽ 24 በሙሉ ስለ ትምህርት ነው። ሁለቱ ልጆች ልጅዎ ክፍል የተቀመጡት በመብታቸው ነው፣ በማንም ቸርነት አይደለም።

«ወደ ኋላ ይጎትቷታል» ላሉት፣ በተለያዩ አገራት የተሠሩት ጥናቶች ሲጠቃለሉ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ስለገቡ የቀሩት ልጆች ውጤት በአማካይ ወረደ አይሉም። ወይ ምንም ለውጥ የለም፣ ወይ ትንሽ መሻሻል አለ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፣ ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት ረዳት መምህርም ቁሳቁስም ባለባቸው አገራት ነው። እኛ ጋ መመዘኛው ራሱ ለአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል፣ የልጅዎ ደግሞ 54 ነው። መምህሯ ብቻዋን ከሆነች፣ ሥልጠና ካላገኘች፣ ማንም ካላገዛት፣ ጊዜዋ ይበላል፣ ያኔ የሚጎዳው ልጅዎ ብቻ ሳይሆን ሁለቱ ልጆችም ናቸው። እነሱ እንዲያውም ይብሳሉ፤ ከኋላ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ የሌላውን ጀርባ እያዩ ይውላሉ። አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች በመደበኛው ክፍል ከሌሎቹ ጋር ማስተማር፣ ያ አይደለም። ልጁን ከክፍሉ ጋር የሚያገናኘው ድጋፍ ከሌለ አስገቡት እንጂ አላካተቱትም።

ለዚህ ነው የልዩ ፍላጎት ክፍሉን መዝጋታቸው ላይ እኔም ጥያቄ ያለኝ። ክፍሉ መዘጋት አልነበረበትም፣ ሥራው ነው መቀየር የነበረበት። አሁን አሁን ሪሶርስ ሴንተር የሚባለው እኮ እሱ ነው፤ ልጆች በቀን ለተወሰነ ሰዓት ገብተው ብሬሉን፣ የምልክት ቋንቋውን፣ ንባቡን ሠርተው ወደ ክፍላቸው የሚመለሱበት፣ የልዩ ፍላጎት መምህሩም ለመደበኛው መምህር ምክርና መሣሪያ የሚያቀብልበት ቦታ። በሩን ቆልፈው መምህሩን ሌላ ሥራ ላይ መድበውት ከሆነ ግን ቸኩለዋል።

መስማት የሚቸግረው ልጅ ጉዳይ ደግሞ ተለይቶ መታየት አለበት። ትንሽ ትንሽ የሚሰማ ከሆነ ከፊት ይቀመጥ፣ መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞራ እየጻፈች አታውራ፣ ፊቷን ይያት፣ ወንበሩ በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ይራቅ። የፒያሳን ክላክስ እኔና እርስዎ ለምደነዋል፣ ለእሱ ግን የመምህሯን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይውጥበታል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ግን የምልክት ቋንቋ በማይታወቅበት ክፍል ማስቀመጥ መብቱን መጠበቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህርና እንደሱ መስማት የተሳናቸው ጓደኞች ያስፈልጉታል፣ ቋንቋ ሳይኖረው ትምህርት የለም። መቀላቀል ገደብ አለው፣ አንዱ ገደቡም ይህ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው አንዳንድ ልጆችም ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ በትንሽ ቡድን ተለማምደው ነው ወደ ትልቁ ክፍል መግባት ያለባቸው። «ሁሉም በአንድ ቀን ይግባ» የሚል ርዕሰ መምህር ለሪፖርት እንጂ ለልጅ አያስብም።

ስለ ማዛወሩ ደግሞ የሌላ አገር ታሪክ ላንሳ፣ ጉዳዩ ቢለያይም ይጠቅማል። አሜሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ጥቁርና ነጭ ተማሪን ለያይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ በብዙ ከተሞች አቅም ያላቸው ነጭ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እያወጡ ወደ ከተማ ዳርና ወደ ግል ትምህርት ቤት ሄዱ። በር ተከፈተ፣ ግን ክፍሉ ተመልሶ አንድ ዓይነት ሆነ፣ ሀብቱም ተሰሚነቱም አብሮ ወጣ። እኛም ጋ ስብሰባ ላይ ተነስቶ የሚጠይቅ፣ እንደ እርስዎ ያለ ወላጅ ሲወጣ የሚቀሩት ጠያቂ የላቸውም። ልጅዎን ለሌላው ሲሉ ይሠዉ እያልኩ አይደለም፤ መሥዋዕትነት የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ያዛውሯት ነበር የምልዎ።

አሁን ማጠናከሪያው። ለምን ለሁሉም? ለደከሙት ብቻ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ሳምንት ሳይሞላው ክፍሉ «የሰነፎች» የሚል ስም ይወጣለታል። ልጆቹ ሲደወል ሽንት ቤት ይደበቃሉ፣ ቦርሳቸውን በአጥር አሳልፈው ይወጣሉ፣ ወይም «ታመምኩ» ይላሉ። የሚመደብላቸው መምህር አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ሰዓት ያለው እንጂ ጎበዙ አይደለም። አንዴ የገባ ልጅ ደግሞ አይወጣም፤ መዝኖ የሚመልሰው የለም። ለሁሉም ሲሆን ግን ስም የሚያወጣ አይኖርም። ፊንላንድ ልጆችን በችሎታ ለያይቶ ማስተማርን በ1985 እ.ኤ.አ. ስታስቀር አብራ ያጠናከረችው የድጋፍ ትምህርቱን ነው፣ ብዙ ልጅ በሆነ ጊዜ ላይ ይገባበታል፣ ለሳምንታት ተደግፎ ይወጣል፣ የሚያፍርበትም የለም።

ግን «ለሁሉም» ሲባል ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለ54 ልጅ አንድ ቁጥር ጫማ እንደመግዛት ነው። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። ጠዋት የተማሩትን ገጽ ያችው መምህርት ለዚያው 54 ልጅ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የምትደግመው ከሆነ ማጠናከሪያ አይደለም፣ ሰዓት መግደል ነው። ማንበብ ያልቻለችው ልጅ ሁለተኛ ጊዜም አይገባትም፣ ልጅዎም ሁለተኛ ጊዜ ትሰላቻለች። አንድ ለአምስት የሚባለውን ያስታውሱታል፤ በወረቀት ላይ ጎበዙ አምስቱን ይረዳል ነበር፣ በተግባር ብዙ ቦታ ጎበዙ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ልጅዎን ያለ ደመወዝ መምህር እንዲያደርጓትም አይፍቀዱ። አንዳንዴ ለጓደኛዋ ብታስረዳ እሷም ትጠቀማለች፣ ያስረዱት ነገር አይረሳም፤ የየቀን ሥራዋ ግን መሆን የለበትም።

የሚሠራው ዘዴ የታወቀ ነው። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ዛምቢያም በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ወስዳዋለች። በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎም የድርጅቱን ሥራ በሙከራ ፈትሸውታል። አሠራሩ አይከብድም። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ለጥቂት ደቂቃ ይመዘናል፤ ፊደል ይለያል? ቃል ያነባል? አንቀጽ ያነባል? ታሪክ አንብቦ ይረዳል? ከዚያ በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት ክፍላቸው ሳይታይ በዚህ ደረጃ ይቧደናሉ። የ5ኛ ክፍሉ ልጅ ከ3ኛዋ ጋር ቃል ያነባል፣ የ3ኛው ደግሞ ከ5ኞቹ ጋር ታሪክ ይተነትናል። በየጥቂት ሳምንቱ እንደገና ይመዘኑና ቡድኑ ይለወጣል። የቀረውን ቀን ሁሉም በየራሱ ክፍል፣ ከሁሉም ጋር ተቀላቅሎ ይማራል። ይለዩ፣ ግን በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ በችሎታው እንጂ በልጁ ማንነት አይደለም፣ ደግሞም መልሰው ይቀላቅሉ።

በዚህ ዓይነት ልጅዎ የት ትገባለች? ምናልባት ከፍተኛው ቡድን። እዚያ ደግሞ ከ3ኛነቷ በላይ የሚያስፈልጋት ሥራ አለ፤ ያነበቡትን በራስ ቃል መጻፍ፣ ባለ ሁለትና ሦስት ደረጃ የሒሳብ ጥያቄ፣ የእንግሊዝኛ ንባብ። የመጨረሻውን በደንብ ይያዙልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ 7ኛ ክፍል ላይ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሆናሉ። እስከ 6ኛ በአማርኛ ከ90 በታች አምጥተው የማያውቁ ልጆች 7ኛ ክፍል ላይ ድንገት «ሰነፉ» የሚባሉት ለዚህ ነው፤ ሒሳቡን ያውቁታል፣ ጥያቄው አይገባቸውም። የልጅዎ ትክክለኛ ስጋት ያለው እዚያ ነው፣ ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ላይ አይደለም። ለዚያ ሁለት ዓመት ከምናምን ቀርቷታል።

የሰዓቱ ነገር ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጆቹ ምሳ የበሉት 6 ሰዓት ላይ ነው። 10 ሰዓት ላይ የ10 ዓመት ልጅ ደክሟል፣ ርቧል፣ መጫወትም ይፈልጋል። ከዚያ ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ገላን የሆነ ልጅ የታክሲ ሰልፍ አለበት። የሚሻለው ሰዓቱ ከመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ ቢወጣ ነው፣ ለምሳሌ ጠዋት መጀመሪያ ላይ። ካልሆነም በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፣ አምስት ቀን አያስፈልግም። መምህራኑ በነጻ ከሆነ የሚሠሩትም ቆይቶ ይቆማል፣ ይህን ወላጆች ጮክ ብላችሁ ብትናገሩላቸው ጥሩ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ልጅዎ እዚያው ትቆይ፣ ማጠናከሪያውም ትግባ። እርስዎ ግን ሰኞ ጠዋት መምህሯን ያግኙና ይጠይቁ፦ ልጆቹን በምን መዘናችኋቸው? የእኔ ልጅ የትኛው ቡድን ናት? ቡድኑ መቼ ነው እንደገና የሚለወጠው? ማንበብ ያልቻሉትን የሚያስተምረውስ ማነው? የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ እዚያ የተመደበው ጎበዝ መምህር ከሆነ ትምህርት ቤቱ የምሩን ነው። አኩርፈው አይጠይቁ፣ መምህሯም እንደ እርስዎ በአንድ ስብሰባ ነው የሰማችው፣ ሊሆን ይችላል። መልስ ካጡ ለወመህ (ለወላጅ መምህር ኅብረቱ) በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ብቻዎን ሳይሆን ሦስት አራት ወላጅ ሆናችሁ፤ ከተቻለ የሁለቱ ልጆች እናቶችም ይኑሩበት፣ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነውና። ወመህ ካልሰማ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

ጊዜውን እስከ መንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ይስጡት። እስከ ጥር ድረስ ምንም ምዘና ካልተደረገ፣ ቡድን ካልተከፈለ፣ ያው ገጽ የሚደገም ከሆነ፣ ልጅዎን ከማጠናከሪያው ሰዓት ያስወጧትና ያንን ሰዓት ቤት ውስጥ ለእንግሊዝኛ ንባብ ያድርጉት። ያኔም ቢሆን ከክፍሏ አያስወጧት። የግል ትምህርት ቤቱ ተማሪ ያንስ ይሆናል፣ ያ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ግን ካርድና ደረጃ እዚያም አለ፣ 245 ብሎ የሚመልስ ጎበዝ ልጅም እዚያ አለ፣ ክፍያው ደግሞ እየጨመረ ይሄዳል። ያንን ገንዘብ ካሰቡት ከፊሉን ለመጻሕፍት ያውጡት፣ የቀረውን ይያዙት። አስጠኚ የሚቀጥሩላት ከሆነ ደግሞ ቀጣዩን ምዕራፍ ቀድሞ እንዳያስተምራት ይንገሩት፣ ክፍል ውስጥ «አውቀዋለሁ» ብላ መስማት ታቆማለች። ያላወቀችውን ፈልጎ እዚያ ላይ ይሥራ፣ ለዚህም በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃታል።